ማንዋል መኪና መንዳት ለሚማሩ ወጣቶች፦ ጥያቄና መልስ

መኪና መንዳት ሳስተምር ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቼም በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ከእነሱና ከወላጆቻቸው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። መልሶቼ ሁሉ የሚነሱት ከአንድ እምነት ነው፤ ማንዋል መኪናን የሚያከብደው የግራ እግር ችኮላ ነው። እጅ ማርሽ መቀየርን ቶሎ ይለምዳል፤ እግር ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ከሁሉ በፊት፦ ሕጉ የሚጠይቀውን የተማሪ ፈቃድ ሳትይዙ፣ አጠገባችሁም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሳይቀመጥ መንገድ ላይ አትውጡ።

17 ዓመቴ ነው። ፍሪሲዮን ስለቅ መኪናዋ ትዘልና ሞተሯ ይጠፋል። ይህን ፈርቼ ነዳጅ ስጨምር ደግሞ ታጓራለች። ምን እያጠፋሁ ነው?

ሁለቱም የአንድ ችግር ውጤቶች ናቸው፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ እግርህ ገና አላወቀውም።

ውስጥ የሚሆነውን ካወቅህ ፍርሃቱ ይቀንሳል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ያህል ይዞራል። ጎማው ግን ቆሟል። የሚዞረውን ከቆመው ጋር ቀስ አድርጎ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ይላቀቃል፤ ስትለቅ መልሶ ይጣበቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሸራው እየተንሸራተተ መያዝ የሚጀምርበት ጠባብ ቦታ አለ። እግርህ ያን ቦታ በፍጥነት ካለፈው የቆመው ጎማ ሞተሩን ጎትቶ ያቆመዋል። ነዳጅ አብዝተህ ብታልፈው ደግሞ መኪናዋ ትወረወራለች።

ስለዚህ ለጊዜው ነዳጁን እርሳው። ሰፊና ሜዳ የሆነ፣ ሰውም መኪናም የሌለበት ቦታ ፈልግ። ወንበርህን ስታስተካክል ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጠህ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ መቅረቱን አረጋግጥ። ጉልበትህ ቀጥ ካለ ርቀሃል ማለት ነው፤ ከራቅህ ደግሞ እግርህ ፔዳሉን በልክ ሊቆጣጠረው አይችልም። ሶሉ ቀጭን የሆነ ጫማ አድርግ። አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ቀኝ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳና ፍሬኑ አጠገብ አዘጋጀው። አሁን ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ልቀቅ፤ ጆሮህንም ሞተሩ ላይ አድርግ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይወፍራል፣ መሪው በእጅህ ውስጥ በስሱ ይንቀጠቀጣል፣ የመኪናዋም አፍንጫ ቅንጣት ያህል ቀና ይላል። እዚያው ላይ እግርህን አቁመው። አትልቀቅ፣ አትርገጥም። መኪናዋ ያለ ምንም ነዳጅ ራሷ መሄድ ትጀምራለች። የሰው እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ቀሪውን ልቀቅ። ከዚያ ፍሪሲዮንና ፍሬን ረግጠህ አቁማትና እንደገና ጀምር።

ይህን እግርህ ሳታስበው እስኪያደርገው ድረስ ደጋግመው። ነዳጅ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ትንሽ፣ ፍሪሲዮኑ ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብሎ። የናፍጣ መኪና ላይ የምትለማመድ ከሆነ ቀለል ይልሃል፤ ናፍጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙርም ጉልበት ስላለው በቀላሉ አይጠፋም።

ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ከሰው ሰው ይለያያል። እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር አጭርና ተደጋጋሚ ልምምድ ረጅምና አልፎ አልፎ የሚደረገውን እንደሚበልጥ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል በቂ ነው። የግራ ጉልበት መንቀጥቀጥ ከጀመረ የዚያን ቀን ትምህርት እዚያው ቢቆም ይሻላል፤ የደከመ እግር ስህተቱን ነው የሚለማመደው።

16 ዓመቴ ነው። ሜዳ ላይ ጥሩ እነዳለሁ፤ ዳገት ላይ ቆሜ ስነሣ ግን መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። ከኋላዬ መኪና ካለ እጄ ይርዳል።

የእጅ ፍሬኑን ተጠቀሚበት። ብዙዎች ይህን የጀማሪ ነገር አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ልምድ ያለው ሾፌርም ቢሆን ጠንካራ ዳገት ላይ ሊያደርገው ይገባል ባይ ነኝ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መኪናዋን አቁመሽ የእጅ ፍሬኑን በደንብ ሳቢ። ፍሪሲዮን ረግጠሽ አንደኛ አስገቢ። ሜዳ ላይ ከምትሰጪው ትንሽ ጨመር አድርገሽ ነዳጅ ስጪና ዙሩን ያዢው። ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቂ፤ ድምፁ ሲወፍርና አፍንጫዋ ቀና ሲል ሁለቱንም እግሮችሽን ባሉበት አቁሚ። መኪናዋ መሄድ ፈልጋ የእጅ ፍሬኑ ይዟታል ማለት ነው። አሁን ፊትሽንና ስፖኪዮሽን አይተሽ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ወደ ኋላ ፈቀቅ ካለች ፍሪሲዮኑ ገና አልያዘም፤ ሳትደነግጪ በእግር ፍሬን አቁሚያትና እንደገና ጀምሪ። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ዳገት ላይ ፍሬኑን ከለቀቅሽ በኋላ ለሁለት ሰከንድ ያህል ራሱ የሚይዝ መሣሪያ አለ። ቢኖርም ያለ እሱ መነሣትን ተማሪ፤ ነገ የምትነጂው መኪና ላይኖረው ይችላል።

ከኋላሽ ያለው ሰው ጥሩንባ ቢነፋ የሚቸኩለው እሱ ነው። ጊዜሽን ውሰጂ።

ማርሽ መቼ ነው የምቀይረው? ሁልጊዜ ዳሽቦርዱን እያየሁ ከመንገዱ ዓይኔን አነሣለሁ።

በቁጥር ለመነሣት ያህል፦ በተለመደ የቤንዚን መኪና በዝግታ ስትነዳ ሞተሩ ከ2000 እስከ 2500 ዙር ሲደርስ ወደ ቀጣዩ ማርሽ መሄድ ጥሩ ነው። በፍጥነት ሲታይ አንደኛው እስከ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ሁለተኛው እስከ 30 አካባቢ፣ ሦስተኛው እስከ 50 አካባቢ ይበቃል፤ እንደየመኪናው ግን ይለያያል። ዳገት ከሆነ ወይም ጭነት ካለ ዘግየት በል።

ቁጥሩ መነሻ ብቻ ይሁንህ። ጆሮህ ከዳሽቦርዱ ይበልጣል። ሞተሩ ሲጮህ ከፍ ያለ ማርሽ ይፈልጋል፤ ሲያጉረመርምና መኪናዋ ስትንገጫገጭ ዝቅ ያለ ይፈልጋል። በዝቅተኛ ዙር ከፍተኛ ማርሽ ላይ ሆነህ ነዳጁን አጥብቀህ መርገጥ ሞተሩን ይጎዳል። ስለዚህ ሬዲዮና ሙዚቃ በልምምድ ወቅት ይዘጋ፤ የሞተሩን ድምፅ መስማት ያለብህ በዚህ ጊዜ ነው።

ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ለመመለስ ብዬ ሁለተኛ እንዳላስገባ እፈራለሁ። ፍርሃቴ ተገቢ ነው?

ተገቢ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ቢለቀቅ ጎማው ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያዞረዋል። የሞተሩ የዙር መገደቢያ ነዳጁን ከማቋረጥ በቀር ይህን ሊያስቆም አይችልም።

መፍትሔው አያያዝህ ላይ ነው። የማርሽ ዘንጉን ጨምድደህ አትያዘው። በአብዛኞቹ መኪኖች ዘንጉን ነፃ ስታደርገው ስፕሪንግ ራሱ ወደ መሀል፣ ማለትም ወደ ሦስተኛና አራተኛ መስመር ይመልሰዋል። ከአምስተኛ ስታወጣው መዳፍህን ከፍተህ ወደ ኋላ ብቻ ሳበው፤ ወደ ግራ አትግፋው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትሄድም እንዲሁ ነው፦ ዜሮ ላይ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ሳይገባ፣ ለቅጽበት ተወው፣ መሀሉን ራሱ ያገኛል፣ ከዚያ ወደ ፊት ግፋው። ሞተሩን አጥፍተህ፣ ፍሪሲዮን ረግጠህ፣ ዓይንህን መንገዱ ላይ እንዳለህ አድርገህ ይህን ተለማመድ። ነዳጅም አይፈጅም፣ አደጋም የለውም።

እየነዳሁ ግራ እግሬን ፍሪሲዮኑ ላይ ባሳርፍ ምን ችግር አለው? አንዳንዴም የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል።

ሽታው ራሱ መልሱ ነው። እግርህ ሲያርፍበት ሸራው ሙሉ በሙሉ አይጣበቅም፤ እየተንሸራተተ ይግላል፣ ይበላል። ማርሽ ከቀየርህ በኋላ እግርህን ከፔዳሉ አንሥተህ ወለሉ ላይ አድርግ። ዳገት ላይም መኪናዋን በፍሪሲዮን ይዘህ አትጠብቅ፤ ለዚህ ፍሬን አለ። ከሸተተህ ደህና ቦታ አቁምና እንዲቀዘቅዝ ተወው።

ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ ማድረግ ነዳጅ ይቆጥባል ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም፤ ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚገባላቸው ዘመናዊ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ ነዳጁን ጨርሶ ያቋርጣሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መፍጀቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ቁጠባው ራሱ የለም።

ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። ማርሽ ውስጥ ስትሆኑ ሞተሩ መኪናዋን ይይዛታል። ዜሮ ላይ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ በረጅም ቁልቁለት ፍሬን እየጋለ ሄዶ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ሞተሩ ካልያዛችሁ ፍጥነቱን በፍሬን አውርዳችሁ ሌላ አንድ ማርሽ ቀንሱ። ፍሬኑን ስትጠቀሙ አጥብቃችሁ ፍጥነቱን ካወረዳችሁ በኋላ ልቀቁት፤ ከላይ እስከ ታች እየነካካችሁ አትውረዱ።

ባለቤቴ ልጃችንን ማንዋል ያስተምረዋል። ሁልጊዜ ተጣልተው ነው የሚመለሱት። ልጁም አሁን መኪና መንካት አልፈልግም ብሏል። ምን ይመክሩኛል?

እናቴ፣ ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ጎበዝ መንዳት የሚችሉ ልጆች በዚህ ምክንያት ሲያቆሙ አይቻለሁ።

ሞተር ማጥፋት መኪናዋን አይጎዳም። ጀማሪን የሚጎዳው ከማጥፋቱ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። በ17 ዓመቱ ያለ ልጅ በአባቱ ፊት መሳሳት ምን ያህል እንደሚያሳፍረው እናውቃለን። ሲያፍር ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ሞተሩ ይጠፋል። አባት ይህን ግድየለሽነት አድርጎ ያየዋል።

ለባለቤትዎ ይህን ይንገሩልኝ። ሞተሩ ሲጠፋ ዝም ይበሉ። ልጁ ራሱ ፍሬን ይርገጥ፣ ዜሮ ያድርግ፣ ያስነሣ፤ ሥርዓቱን ያውቀዋል። የሚሰጡት ትእዛዝ ቀድሞና አጭር ይሁን፤ መታጠፊያው ላይ ከደረሱ በኋላ ሳይሆን ገና ሳይደርሱ «ሁለተኛ አድርግ» ይበሉ። ስለ ትምህርት ቤት ውጤትና ስለ ቤት ጉዳይ መኪና ውስጥ አይነሣ። ስህተቱን የሚያወሩት ቆመው፣ ሞተር አጥፍተው ይሁን፤ ያኔም መጀመሪያ ልጁ ምን እንደተሰማው ይጠይቁት። ድምፅ ከፍ ማድረግ የሚገባው አደጋ ሲኖር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ «አቁም!» የሚለው ቃል ዋጋ የሚኖረው ሌላ ጊዜ ስላልተጮኸ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሆነ አስተማሪው ይቀየር። አጎት፣ ታላቅ እህት፣ የማሠልጠኛ ተቋም፤ ማንም ይሁን። አባትዬው ልጁ መነሣትና መቆም ከተማረ በኋላ አብሮት ቢለማመድ ሁለቱም ይደሰታሉ።

አያቴ ማርሽ ሲቀይሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ይረግጣሉ። እኔም እንደዚያ ማድረግ አለብኝ?

የአያትህ መንገድ ስህተት የለበትም፤ ለሌላ ዘመን ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የተሠራ ነው። ድሮ የሚገጣጠሙት ጥርሶች ፍጥነታቸው ካልተመጣጠነ ይፋጩ ስለነበር ሾፌሩ ዜሮ ላይ ፍሪሲዮን ለቅቆ፣ ዙሩን አመጣጥኖ፣ እንደገና ይረግጥ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ይህን ማመጣጠን ራሱ የሚሠራ ካምቢዮ አወጣ፤ ዛሬ የቤት መኪኖች ወደ ፊት በሚሄዱባቸው ማርሾች ላይ ሁሉ አላቸው። አንተ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ርገጥ፤ ይበቃል። አያትህ ግን ሲነዱ አጠገባቸው ተቀምጠህ አድምጥ፤ ሞተርን በጆሮ ማወቅ ከእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች የሚገኝ ትምህርት ነው።

ለማቆም መጀመሪያ የምረግጠው ፍሬን ነው ወይስ ፍሪሲዮን?

ፍሬን። ፍጥነቱ ወርዶ ሞተሩ ማጉረምረም ሲጀምር ፍሪሲዮን ጨምር። አስቀድመህ ፍሪሲዮን ከረገጥህ የሞተሩን እገዛ ታጣለህ። ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥም ግን ሁለቱንም ባለህ ኃይል ርገጥ፤ የሞተሩ መጥፋት አያሳስብህ።

አብዛኛው አዲስ መኪና አውቶማቲክ እየሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ የሚቀየር ማርሽ ከሌለው፣ ማንዋል መማር ጊዜ ማባከን አይሆንም?

አይሆንም። በብዙ አገሮች በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማንዋል መንዳት አይፈቀድለትም፤ በማንዋል የተፈተነ ግን ሁለቱንም ይነዳል። ከፈቃዱም በላይ፣ ማንዋል የሚነዳ ሰው ወደፊት ያለውን መንገድ ቀድሞ ማየት ይገደዳል፤ መታጠፊያውን፣ ዳገቱንና የፊተኛውን መኪና ማርሽ ለመምረጥ ሲል ያስተውላል። ይህ ልማድ በማንኛውም መኪና ይጠቅማል። ወደፊት ኤሌክትሪክ መኪና ብቻ እንደምትነዳ እርግጠኛ ከሆንህ ግን አልጫንህም።

ፈቃዴን ልወስድ ነው። ጓደኞቼን ይዤ መውጣት እችላለሁ?

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ብቻህን ወይም ከታላቅ ሰው ጋር ንዳ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉ ሰዎች ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ ነው። እኩዮች መኪናው ውስጥ ሲበዙ የወጣት ሾፌር አደጋም እንደሚጨምር ይታወቃል። ስልክህን ድምፁን አጥፍተህ ከእጅህ አርቀው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድህ ለሁለት ሰከንድ ወደ ስልክህ ብታይ መኪናዋ 28 ሜትር ያህል ሳታያት ትሄዳለች።

ኋላ ማርሽ ሳስገባ አንዳንዴ «ክርርር» ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። በብዙ መኪኖች ኋላ ማርሽ ላይ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያመጣጥነው አካል የለም። መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ትቁም፤ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጠህ ለአፍታ ቆይና አስገባው። አሁንም እምቢ ካለ መጀመሪያ አንደኛ አስገብተህ ከዚያ ወደ ኋላ ማርሽ ውሰደው። እንዲህ አድርገህም የሚፋጭ ከሆነ ወይም ሌሎቹም ማርሾች የሚያስቸግሩህ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየተላቀቀ ላይሆን ስለሚችል ለመካኒክ አሳየው።