ጫጩቶቹ ቅርፊቱን በስተው የሚቀሩት ለምንድን ነው? ስለ መፈልፈያ ማሽን እርጥበት

ጥያቄ፦ አዳማ በሚገኘው ቤቴ 60 እንቁላል የሚይዝ፣ ፋን ያለው መፈልፈያ ማሽን አለኝ። በጥር ወር ካስገባኋቸው እንቁላሎች አብዛኞቹ እስከ 20ኛው ቀን በደህና ቢቆዩም፣ ጫጩቶቹ ቅርፊቱን በስተው አፋቸውን ብቻ ካወጡ በኋላ እዚያው ሞቱ። የውሃ ዕቃውን እስከ አፉ ብሞላም፣ የአየር ቀዳዳዎቹን በፕላስቲክ ብሸፍንም የእርጥበት መለኪያው ከ30 በመቶ አላልፍ አለ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ የገለጹት ሁኔታ የድርቀት ይመስላል፤ ነገር ግን ማሽኑን ከመነካካትዎ በፊት ካልተፈለፈሉት እንቁላሎች ሁለት ሦስቱን ከፍተው ይመልከቱ። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደ ደረቀ ወረቀት ሆኖ የጫጩቱ ጸጉር ላይ ከተጣበቀ፣ እርጥበት አንሶታል ማለት ነው። ጫጩቱ አብጦና በሚያጣብቅ ፈሳሽ ተነክሮ ካገኙት ግን ችግሩ የእርጥበት መብዛት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምለውን ሳይሆን ተቃራኒውን ያደርጋሉ።

በአዳማ፣ በተለይ በበጋ፣ ይህ ችግር ደጋግሞ የሚያጋጥመው አየሩ ደረቅና ነፋሻማ ስለሆነ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህም በላይ አየር ሲሞቅ እርጥበት የመያዝ አቅሙ ስለሚጨምር፣ በክፍልዎ ውስጥ 22 ዲግሪና 40 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ ማሽኑ ገብቶ 37.7 ዲግሪ ሲደርስ፣ ውሃ ካልተጨመረበት አንጻራዊ እርጥበቱ (መለኪያው በመቶ የሚያሳየው) ወደ 16 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ መገኘቱም የአየር ግፊቱን ስለሚቀንሰው፣ ከእንቁላሉ የሚወጣው ውሃ ቆላ ካለው ይልቅ ይፈጥናል። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ያዘዘው የውሃ መጠን ላይበቃዎት ይችላል።

የውሃ ዕቃዎን መሙላትዎ ለውጥ ያላመጣው ትነት የሚወሰነው በውሃው ጥልቀት ሳይሆን አየር በሚነካው ስፋት ስለሆነ ነው። ጠባብና ረጅም ዕቃ ከሆነ አውጥተው ዝርግ ሳህን ያስገቡ፤ ፋኑ የሚነፍስበት አቅጣጫ ላይ ያስቀምጡት። ያም ካልበቃ ንጹሕ ስፖንጅ ወይም የጥጥ ፎጣ ቁራጭ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ከውሃው በላይ እንዲሆን አድርገው ያቁሙበት። ጨርቁ በቀናት ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ይዞ ስለሚደርቅ ይቀይሩት። ውሃ ሲጨምሩ ክዳኑን ከመክፈት ይልቅ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በአንዱ ቀዳዳ አስገብተው ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱ። ማሽኑንም ከመስኮት አርቀው፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል ያስቀምጡት፤ ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ፎጣ መስቀልም ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይረዳል።

በቀዳዳዎቹ ላይ ያደረጉትን ፕላስቲክ ግን ዛሬውኑ ያንሱት። ጫጩት በእንቁላሉ ውስጥ ሆኖ ይተነፍሳል፤ የኦክስጅን ፍላጎቱ የሚበረታው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። እርጥበት ለማትረፍ አየሩን መዝጋት፣ በእኔ እይታ፣ ከድርቀቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

ለመሆኑ መለኪያው ራሱ ትክክል ነው? ርካሽ የእርጥበት መለኪያዎች በብዙ ይሳሳታሉ። በጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርገው፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረው ጭቃ ካስመሰሉት በኋላ፣ ከመለኪያው ጋር አንድ ላይ ክዳኑ ጥብቅ አድርጎ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት 75 በመቶ ማሳየት አለበት፤ 68 ካሳየ በማንኛውም ንባብ ላይ 7 ይጨምራሉ።

እኔ ከመለኪያው ይበልጥ የማምነው ሚዛንን ነው። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ ከ11 እስከ 13 በመቶ መቀነስ ይኖርበታል። ለምሳሌ 30 እንቁላሎች ሲገቡ 1,800 ግራም ከመዘኑ፣ በ7ኛው ቀን 84 ግራም፣ በ18ኛው ቀን ደግሞ 216 ግራም ገደማ ሊቀንሱ ይገባል። ከዚህ በላይ ከቀነሱ የውሃውን ስፋት ይጨምሩ፤ በታች ከሆኑ ይቀንሱ። ጽንስ ያልያዙትን እንቁላሎች በባትሪ ብርሃን ለይተው ካወጡ፣ የእነርሱን ክብደት ከመጀመሪያው ድምር መቀነስ አይርሱ።

እርጥበቱን እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ እንቁላል ማዞሩን አቁመው፣ ሁለተኛ ሳህን ጨምረው ከ65 እስከ 70 በመቶ ያድርሱት። በእነዚህ ሦስት ቀናት ክዳኑን አይክፈቱ። ክዳኑ አንዴ ሲከፈት የሚወጣው እርጥብ አየር ቶሎ አይመለስም፤ ጫጩቶቹ የሚደርቁትም በዚያ መሃል ነው። መብራት ቢጠፋም ማሽኑን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ የአየር ቀዳዳውን ክፍት ትተው ይጠብቁ እንጂ ገልጠው አይመልከቱ። እንቁላሉ ላይ ውሃ መርጨትም ስለሚያቀዘቅዘው አልመክርም።

ቅርፊቱን የበሳ ጫጩት ለመውጣት እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል በእጅዎ ለመርዳት አይቸኩሉ። አስቀድመው የወጡትም በሆዳቸው በቀረው አስኳል ስለሚቆዩ፣ ሌሎቹ እስኪወጡ አንድ ቀን ማሽኑ ውስጥ ቢያድሩ አይጎዳቸውም።