ጥያቄና መልስ፦ ሶሻል ወርከር ለድርቅና ለጎርፍ እንዴት ይዘጋጅ?

ዛሬ ማታ በሐዋሳ ሶሻል ወርከሮች ግሩፕ ጥያቄ የሚመልሱልን ጋሼ ናቸው። ተማሪዎችን ለመስክ ልምምድ ይዘው ሲወጡ ለዓመታት የቆዩ ሰው ናቸው። ርዕሱ የሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሥራ) ተማሪዎችን ለአየር ንብረት ለውጥና ለአካባቢ ፍትሕ ማዘጋጀት ነው፤ የአካባቢ ፍትሕ ማለት የብክለትና የአደጋ ሸክም ድሃው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ማድረግ ነው።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። የአየር ንብረት ጉዳይ የሜትሮሎጂና የግብርና ሰዎች ሥራ አይደለም እንዴ? እኛን ምን አገናኘን?

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ዝናቡን መተንበይ የእነሱ ነው። ከብቱ ያለቀበት አባወራ ግን የሚመጣው ወደ አንቺ ቢሮ ነው። ከ2013 እስከ 2015 በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ይበተናል፣ ልጅ ከትምህርት ይወጣል። አንቺ ፎርሙ ላይ «የቤተሰብ ግጭት» ብለሽ ትሞያለሽ። ግጭቱ ከምን ተነሣ ብለሽ ካልጠየቅሽ ግማሹን ሥራ ትተሻል።

የታቦር ልጅ፦ «የአካባቢ ፍትሕ» የሚባለው የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ ጋ ያለው ድህነት ነው።

ጋሼ፦ እንቅስቃሴው አሜሪካ መጠናከሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሰሜን ካሮላይና፣ ዋረን ካውንቲ፣ ጥቁሮች በሚበዙበት አካባቢ መርዛማ አፈር ሊደፋ ሲመጣ ሕዝቡ መኪናው ፊት መንገድ ላይ ተኛ። የአሜሪካው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመዘኛ የአካባቢ ፍትሕን ከተመራቂ ከሚጠበቁ ብቃቶች ጋር አስገባው። ግን ቆሼን አስታውስ። መጋቢት 2009 የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ቆሻሻው የመላው አዲስ አበባ ነበር። የሞቱት ሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩት ናቸው። ድህነት ነው ካልክ፣ አዎ፣ ነው። የሌላው ሰው ጥፋት የሚወድቅበትም ድሃው ነው። እኛን የሚያገባን እሱ ነው።

ኮከብ፦ ማቴሪያል ካለ ይላኩልን።

ጋሼ፦ የምን ማቴሪያል? ለየትኛው ኮርስ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አልመልስም።

ከዳቶ፦ ተማሪው መስክ ሲወጣ በተግባር ምን ይሥራ?

ጋሼ፦ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ በእግሩ ይሂድ። የጥቁር ውሃን ወንዝ ይዞ ይውረድ። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ከጨለለቃ ረግረግ በጥቁር ውሃ የሚገባው ደለልም ቆሻሻም እዚያው ይቀራል። ታዲያ ተማሪው ሰው ይጠይቅ። በዚህ ውሃ ልብስ የሚያጥበው ማን ነው? ከብት የሚያጠጣውስ? አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው ሴት ገበያ ሲጠፋ ልጆቿን በምን ታበላለች? ጎርፍ ሲመጣ ውሃ ቀድሞ የሚገባው የማን ቤት ነው? ሴቶቹን ለብቻ ያነጋግር፣ ባሎቻቸው ባሉበት የማይናገሩት ብዙ ነው። የዕድር ዳኛ ጋ ይሂድ። ክረምት የማን ቤት እንደፈረሰ ከቀበሌው መዝገብ ይልቅ ዕድሩ ያውቃል። ገጠር ከወጣ ሶንጎ ላይ፣ ማለትም የሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያዳምጥ።

ቀጥሎ ሕጉን ይወቅ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ ውስጥ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ደግሞ አንቀጽ 11 ላይ ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይደርስበትም፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስንት ተመራቂ ነው ይህን የሚያውቀው? እኔ ብሆን ለፈተና የማወጣው የአቤቱታ ደብዳቤ ማስጻፍ ነበር። ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን ምን እንዳየ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚጠየቅ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለሰው ቃል አትግቡ። «ካሳ እናስከፍልላችኋለን» ብሎ የሄደ ተማሪ ከኋላው ለሚመጣው በሩን ዘግቶበታል።

የታቦር ልጅ፦ ለማንኛውም ሐይቁን ያበላሸው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው።

ሚሚ ሐዋሳ፦ በምን አወቅህ? ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ደለሉን ያመጣው ዛፉን መንጥረን መንጥረን የጨረስነው እኛው ነን።

የታቦር ልጅ፦ አንቺማ እዚያ የሚሠራ ዘመድ ስላለሽ ነው።

ጋሼ፦ በቃ፣ ተዉ። ፓርኩ የተመረቀው በ2008 ነው። ጨለለቃ ሐይቅነቱ ቀርቶ ረግረግ የሆነው ከዚያ በፊት ነው። ይህ ማለት ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። የውሃ ናሙና ሳይመረመር ጣት መቀሰር ግን አቤቱታውን ያበላሸዋል። ዘመድ መቁጠሩን ተዉት።

አዲስ ተመራቂ፦ ደመወዙ ስንት ነው? ቅጥርስ አለ?

ጋሼ፦ የዛሬው ርዕስ አይደለም።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ ችግኝ ተከላ መውጣት እንደ መስክ ልምምድ ይያዝልናል?

ጋሼ፦ ችግኝ መትከል ጥሩ ነው፣ ትከሉ። የመስክ ልምምድ ግን አይደለም። ቦታው የማን ግጦሽ ነበር? ከብቱ ወዴት ሄደ? ማንስ ተማከረ? ይህን ጠይቃችሁ ከጻፋችሁ ያኔ ይያዛል።

እናት ሐዋሳ፦ እኔ የከተማ ሴፍቲኔት ላይ ነኝ፣ ድሃ ቤተሰቦች ለአካባቢ ሥራ ክፍያ የሚያገኙበት ፕሮግራም ላይ። የእኛ ሥራስ ከዚህ ይቆጠራል?

ጋሼ፦ በደንብ እንጂ እህቴ። ሐዋሳ ፕሮግራሙ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። ቦይ መጥረግና ደረቅ ቆሻሻ ማንሳት ጎርፍን መከላከል ነው። ግን ፀሐይ ላይ የሚውሉትን እይልኝ። ጥላ አላቸው? የሚጠጣ ውሃስ? አቅም የሌላቸው አዛውንቶች ወደ ቀጥታ ድጋፍ (ሳይሠሩ ገንዘብ ወደሚያገኙበት) ተዛውረዋል ወይስ አካፋ ይዘው ቆመዋል? ይህን መዝግበሽ ለኃላፊሽ አቅርቢ።

ጀማል፦ ተማሪ መስክ ሲወጣ ምን ይሥራ?

ጋሼ፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ። ወንድሜ፣ ሳታነብ አትጠይቅ።

የጤና ኤክስቴንሽን፦ የምሠራበት ቀበሌ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ እየሆነ ነው። ውሃው የጉድጓድ ነው። እናቶቹ ምን ይሁን እያሉኝ ነው።

ጋሼ፦ ጥሩ አድርገሽ ጠየቅሽ። ፍሎራይድ ሊሆን ይችላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ዓመታት ሲቆይ ከጥርስ አልፎ አጥንት ይጎዳል። ማፍላትም አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። ለእናቶቹ ይህን ዛሬውኑ ንገሪ። የውሃ ቢሮው ናሙና እንዲያስመረምር በጽሑፍ ጠይቂ፣ ግልባጩን ያዢ። ሌላ ውሃ ሳይገኝ ግን «ጉድጓዱን ተዉት» አትበያቸው፣ ወደ ወንዙ ነው የሚሄዱት። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ቃል አትግቢ። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ እነሱ ይስሙት። ደብዳቤውን ለመጻፍ ካስቸገረሽ ረቂቁን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።