ሶኬቱን ከመሰካትዎ በፊት፦ ስለ አሮጌ ስቴሪዮ አምፕሊፋየሮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የስቴሪዮ አምፕሊፋየሮችንና ሪሲቨሮችን (ሬዲዮ አብሮ ያለባቸውን አምፕሊፋየሮች) የሚመለከቱ ናቸው። እነዚህ መሣሪያዎች የሚበላሹት ብዙውን ጊዜ ተቀምጠው በቆዩባቸው ዓመታት ሳይሆን አንድ ሰው ቸኩሎ በሰካቸው ቀን ስለሆነ፣ መልሶቼ ወደዚሁ ጉዳይ ደጋግመው ቢመለሱ አንባቢ ይታገሠኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ በ1970ዎቹ ከአሜሪካ ሲመለሱ ያመጡት ማራንትዝ 2270 ሪሲቨር ከሃያ ዓመት በላይ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቆይቷል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ድምፁን ለመስማት ጓጉቻለሁ። እንዲሁ ግድግዳው ላይ ብሰካው ይጎዳል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዎን፣ ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ እባክዎ ዛሬ አይሰኩት። በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጀርባ ያንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ ያገኙበታል፤ የአገራችን መስመር ግን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቮልቴጅ ሲገባበት ፊውዙ ቀድሞ ካልተቃጠለ ዋናው ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮችም ሊፈነዱ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ የሚቆጨው ትራንስፎርመሩ ነው፤ ምትኩን ማግኘት እጅግ ከባድ ነውና።

ስለዚህ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግዎታል። ወደ 110 የሚቀንሰውንና ወደ 120 የሚቀንሰውን አማርጠው መግዛት ከቻሉ፣ 110ሩን እንዲወስዱ እመክራለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በትራንስፎርመሩ የብረት እምብርት ላይ የሚያርፈው ጫና የሚታወቀው ቮልቴጁ ለኸርዙ ሲካፈል ነው። መሣሪያው ሲሠራ የታሰበው 120 ለ60 ሲካፈል፣ ማለትም 2 ነበር። በእኛ 50 ኸርዝ 120 ቮልት ቢሰጡት ጫናው 2.4 ይሆናል፣ በሃያ በመቶ ይጨምራል፤ 110 ቢሰጡት ግን 2.2 ላይ ይቆማል። ይህች ልዩነት ትራንስፎርመሩ ለብ ብሎ በመሥራትና እጅ የማያስነካ ሆኖ በማጉረምረም መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች። የቀናሹን አቅም ሲመርጡ በመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ዋት እጥፍ የሚያህል ይሁን፤ በሰፈርዎ መስመሩ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነም ከፊቱ ስታቢላይዘር ያስገቡለት።

ሁለተኛው ጉዳይ መሣሪያው ሃያ ዓመት ሳይሠራ መቀመጡ ነው። ኤሌክትሮላይቲክ የሚባሉት ካፓሲተሮች በውስጣቸው ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ሲቆይ ይደክማል፤ በድንገት ሙሉ ቮልቴጅ ሲመጣበትም ያሾልካል፣ ይሞቃል። ለዚህ ጥገና ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፦ ወደ መሣሪያው የሚሄደው ጅረት በቅድሚያ በአንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ውስጥ እንዲያልፍ በተከታታይ ማገናኘት ነው። አምፖሉ የድሮው ባለ ክር መሆን አለበት፤ ኤል ኢ ዲ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሽቦውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ያገናኝልዎ፤ ስፒከሮቹንም ይንቀሉ። ሲያበሩት አምፖሉ ለአፍታ ደምቆ ከዚያ ከደበዘዘ ነገሩ ደኅና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ግን ውስጡ ሾርት ስላለ ወዲያውኑ ያጥፉት። ከደበዘዘ እንደዚያው አጠገቡ ሆነው አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቁት፤ የተቃጠለ ሽታ ካልመጣ አምፖሉን አስወግደው በቀናሹ በኩል ብቻ ያብሩት።

ያ ሰማያዊ የጣቢያ ማሳያ መስኮት ባይበራ አይደንግጡ። ከኋላው ያሉት ትናንሽ አምፖሎች ተቃጥለው ይሆናል፤ ይቀየራሉ፣ ድምፁንም አይነኩም።

ጥያቄ፦ ድምፅ መጨመሪያውን ሳዞረው ይንኮሻኮሻል፣ አንዳንዴም የግራው ስፒከር ይጠፋል። ጎረቤቴ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት እንድነፋበት መከረኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዘይቱን አይንፉበት። ለጊዜው ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ነገር ግን አቧራ ይሰበስባል፣ በውስጡ ያለውንም የካርቦን መንገድ ሊጎዳው ይችላል። ባለሙያዎች ኮንታክት ክሊነር የሚሉትን፣ ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራውን ማጽጃ ይግዙ፤ ሶኬቱን ነቅለው በማዞሪያው ቀዳዳ ጥቂት ብቻ ካስገቡ በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሠላሳ ጊዜ ያህል ያዙሩት፣ ከዚያም ለጥቂት ሰዓታት ይድረቅ። የመምረጫ ቁልፎቹንም፣ በተለይ ቴፕ ሞኒተር የሚለውን፣ በዚሁ መንገድ ያጽዱ፤ አንዱ ወገን ሲጠፋ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የጃፓን ሥሪት የሆነው አምፕሊፋየሬ ሲበራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያሰማው የነበረው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ጠፋ፤ ስፒከሮቹም ዝም አሉ። የጥገና ሠራተኛው ሪሌውን ዳይሬክት ላድርግልህ አለኝ። ልስማማ? (ከአዳማ)

መልስ፦ በፍጹም አይስማሙ። ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ መሣሪያው ራሱን መርምሮ በሪሌው፣ ማለትም ስፒከሮቹን በሚያገናኘው አውቶማቲክ ማብሪያ፣ ለስፒከሮችዎ በሩን የከፈተበት ድምፅ ነው። በሩን አልከፍትም ካለ አንድ ያየው አደጋ ሊኖር ይችላል፤ ሪሌውን ዳይሬክት ማድረግ፣ ማለትም እሱን ዘልሎ በሽቦ ማገናኘት፣ ደግሞ ዘበኛውን አባርሮ በሩን ክፍት መተው ነው።

አደጋው ይህን ይመስላል፦ ከኃይል ትራንዚስተሮቹ አንዱ ሾርት ሲያደርግ ሙዚቃ መሆን የነበረበት ተለዋዋጭ ጅረት ቀርቶ ቀጥተኛ ጅረት ወደ ስፒከሩ ይፈስሳል። 30 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ባለ 8 ኦም ስፒከር ውስጥ ቢገባ ከ110 ዋት በላይ ኃይል ነው፤ ሁሉም ሙቀት እንጂ አንዳች ድምፅ የለበትም። እኔ በወጣትነቴ ይህንኑ ምክር ከአንድ ሱቅ ተቀብዬ፣ ሁለት ዓመት ቆጥቤ የገዛኋቸው ስፒከሮች አንዱ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ተቃጥሎብኛል። የተጠመጠመው ሽቦ ሲቃጠል የወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

እንዲደረግልዎ የሚጠይቁት እንዲህ ነው። ስፒከሮቹ ተነቅለው፣ ድምፅ መጨመሪያው ዜሮ ላይ ሆኖ፣ መሣሪያው አሥር ደቂቃ ከሞቀ በኋላ በቴስተር የቀጥተኛ ጅረት ቮልቴጁ ይለካ። ሪሌው ስላልገጠመ በስፒከር መሰኪያው ላይ ከተለካ ዜሮ ስለሚያሳይ ሰውን ያታልላል፤ መለካት ያለበት ከሪሌው በፊት፣ በአምፕሊፋየሩ መውጫ ላይ ነው። በሁለቱም ወገን ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱም ሪሌው ወይም እሱን የሚያዝዘው ትንሽ ሰርኪዩት ጋር ነው፤ ይህ ቀላል ወጪ ነው። ብዙ ቮልት ካሳየ ግን ሪሌው ስፒከሮችዎን አድኖልዎታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የአጎቴን ፓዮኒር አምፕሊፋየር ላድስላቸው ቃል ገብቻለሁ። የማገኘው ምክር ሁሉ ካፓሲተሮቹን በሙሉ ቀይሪ የሚል ነው። ልቀይራቸው? (ከጅማ)

መልስ፦ ከመቀየርሽ በፊት ለኪ። በእርጅና የሚደክሙት በውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው ኤሌክትሮላይቲኮች ናቸው፤ የፊልምና የሴራሚክ ካፓሲተሮች ሃምሳ ዓመትም ቢሆናቸው ብዙውን ጊዜ እንደነበሩ ናቸውና አትንኪያቸው። ኤሌክትሮላይቲክን የሚያስረጀው በዋናነት ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ ፍለጋሽን ከኃይል ትራንዚስተሮቹ ማቀዝቀዣ አጠገብና ከኃይል አቅራቢው ቦርድ ጀምሪ። በካፓሲተሮቹ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ የደረቀ ሙጫ ካየሽ ደግሞ እሱን ጠርገሽ አንሺ፤ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በነበሩ ብዙ የጃፓን መሣሪያዎች ውስጥ ትልልቅ ዕቃዎችን ለማጣበቅ የዋለው ሙጫ ሲያረጅ የሽቦ እግሮችን ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ማሳለፍ ይጀምራል።

የምትቀይሪያቸው ካሉ ማይክሮፋራዱ አንድ ዓይነት፣ ቮልቴጁ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ የሙቀት መጠኑም 105 ዲግሪ የሆነ ምረጪ። የታዋቂ ፋብሪካ ስም የታተመባቸው ሐሰተኛ ካፓሲተሮች ስለሚሸጡ ምንጩን ከምታውቂው ሻጭ ግዢ። ከመጀመርሽ በፊት ቦርዱን ፎቶ አንሺ፤ አንዱን አውጥተሽ አንዱን ተኪ፣ አሥሩን በአንድ ጊዜ አታውጪ፤ አንድ ቦርድ ስትጨርሺም ወደ ሌላው ከመሄድሽ በፊት መሣሪያውን በአምፖሉ በኩል አብርተሽ ፈትሺ። ብዙ መሣሪያ አበላሽተው የሚመጡ ጀማሪዎች ጥፋታቸው ዕውቀት ማጣት አይደለም፤ ሠላሳ ካፓሲተር በአንድ ሌሊት ቀይረው ጠዋት ሲያበሩት የትኛው ፕላስና ማይነሱ ተገልብጦ እንደገባ ለማወቅ አለመቻላቸው ነው።

ዋናዎቹ ትልልቅ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቮልቴጅ ይዘው ይቆያሉ። በካቻቢቴ አታጋጫቸው፤ በሬዚስተር በኩል አፍስሻቸው፣ ከዚያም በቴስተር አረጋግጪ። ይህን ሙያ ወደ ቫልቭ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦ ወደሚሠሩ) አምፕሊፋየሮች ለማሳደግ ካሰብሽ ደግሞ በእነዚያ ውስጥ 400 ቮልትና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው አጠገብሽ ሳይኖር አትክፈቻቸው።

ጥያቄ፦ ዘመዴ ከጃፓን ያመጣልኝ ሪሲቨር ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ንም ሆነ ሸገር 102.1ን አይዝም። ተበላሽቶ ይሆን? (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)

መልስ፦ አልተበላሸም። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ የዚያን ዘመን ሪሲቨሮች የኤፍ ኤም ክልላቸው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ የጠቀሷቸው ጣቢያዎች ከመስኮቱ ውጪ ናቸው። የሬዲዮውን ክፍል ለመለወጥ ገንዘብ አያውጡ፤ ሬዲዮውን በሌላ መሣሪያ ይቀበሉና በኦክስ መግቢያው ያሰሙት። ይልቅ አንድ ነገር ይፈትሹ፦ የጃፓን መስመር 100 ቮልት ነው፤ ወደ 110 የሚቀንሰው የተለመደው ትራንስፎርመር ለእርስዎ መሣሪያ ይበዛበታል፣ ወደ 100 የሚቀንስ ያሠሩለት።

ጥያቄ፦ የእኔ ናድ 3020 አምፕሊፋየር ላይ የተጻፈው 20 ዋት ብቻ ነው፤ የወንድሜ አዲስ ስፒከር ሣጥን ላይ ግን 1,000 ዋት ይላል። ነገር ግን የእኔው የበለጠ ጠርቶና ጠንክሮ ይሰማል። እንዴት ሊሆን ይችላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት በአንድ ሚዛን አይደለም። በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በዚያ የሚሸጥ የቤት አምፕሊፋየር ዋቱን ሲያስተዋውቅ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል፣ ከድምፁ መዛባት መጠን ጋር መግለጽ ነበረበት፤ ከመለኪያው በፊትም በኃይሉ ሲሶ አንድ ሰዓት እንዲሠራ ይደረግ ነበር። የዚያን ጊዜ መሣሪያዎች ከባድ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ያላቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በርካሽ ሣጥኖች ላይ የሚጻፈው ሺህ ዋት ግን ለቅጽበት እንኳ ላይገኝ የሚችል ቁጥር ነው። በተጨማሪም ዋት በእጥፍ ሲያድግ ድምፅ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ጆሮ በግልጽ የሚለየው ነገር ግን መጠነኛ የሆነ ጭማሪ ነው። በ1978 ገበያ ላይ የዋለው 3020 በመላው ዓለም የተወደደው በዋቱ ብዛት አልነበረም፤ አስቸጋሪ ስፒከሮችንም ሳይጨነቅ ስለሚያንቀሳቅስ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ይዘዋቸው የመጡ በአምሃ ሬከርድስና በካይፋ የታተሙ ሸክላዎች አሉኝ። ማጫወቻውን ከአሮጌው አምፕሊፋየር ኦክስ መግቢያ ጋር ሳገናኘው ድምፁ ከሩቅ የሚመጣና ቀጭን ይሆናል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ገመዱን ፎኖ ወደሚለው መግቢያ ያዛውሩት፤ የመሬት ሽቦውንም አጠገቡ ባለችው ቡሎን ላይ ያስሩት፣ አለበለዚያ ያጉረመርማል። የተለመደው የሸክላ መርፌ ካርትሪጅ የሚሰጠው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ ኦክስ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይጠብቃል። ከዚህም ሌላ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራም ድምፆች ሆን ተብለው ይቀነሳሉ፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ ከፍ ይደረጋሉ፤ ይህ ካልተደረገ የወፍራሞቹ ጎድጓዳ መስመር ቦታ ይፈጃል፣ መርፌውንም ያዘልለዋል። ከ1954 ወዲህ ዓለም የተስማማበትን ይህን ቀመር መልሶ የሚያስተካክለው የፎኖ ክፍሉ ነው። የዛሬ አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ይህ ክፍል የላቸውም፤ የእርስዎ አሮጌ መሣሪያ ስላለው ደስ ይበልዎ።

አቶ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመሩት በ1969 ሲሆን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። እጅዎ ላይ ያሉት እንግዲህ አሥር ዓመት ያልሞላው የአንድ ዘመን ምስክሮች ናቸውና በደከመ መርፌ አያጫውቷቸው። አዲስ መርፌ ይግዙ፣ ክብደቱንም የካርትሪጁ ሠሪ በወሰነው ግራም ልክ ያድርጉት፤ አቧራውን በተጣራ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ክቡን ተከትለው ይጥረጉ። ሸክላው ሞኖ ከሆነ የአምፕሊፋየሩን የሞኖ ቁልፍ ይጫኑ፤ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠረው ኮሽኮሽታ አብዛኛው በሁለቱ ወገኖች ተቃራኒ ሆኖ ስለሚመጣ ሲደመር ይጠፋፋል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ በሚገባ ይቅዱት። ቴፕ አውት የሚለው መውጫ ድምፁን ከፎኖ ክፍሉ በኋላ፣ ከድምፅ መጨመሪያውና ከቤዝ ማስተካከያው በፊት ስለሚሰጥ፣ በክፍሉ ውስጥ ድምፁን ቢቀንሱም ቅጂው አይለወጥም። ያልተነካውን ቅጂ ለብቻው ያኑሩ፤ ኮሽታ ማጥፋት የሚፈልጉ ከሆነ በሌላ ግልባጭ ላይ ይሥሩ። ፋይሉን ሲሰይሙ በሸክላው መሐል የታተመውን ቁጥር አብረው ይጻፉ፤ የዘፋኞቹና የዘፈኖቹ ስም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚጻፍ፣ ሌላ ሰብሳቢ ያንኑ ሸክላ ሲፈልግ በትክክል የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው።