ሌዘር ኮራልሽ አልሞተም፣ ቆዳውን እየጣለ ነው

ሰላም እህቴ። «አኳሪየሜ ውስጥ ያለው ሌዘር ኮራሌ (ቆዳ መሳዩ ለስላሳ ኮራል) 6 ቀን ሙሉ አበባ መሳይ ትናንሽ ፖሊፖቹን አላወጣም፣ ላዩ ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ሞቶ ከሆነ ላውጣው?» ብለሻል። እባክሽ አታውጪው። ሳርኮፋይተን የሚባለው ይህ እንጉዳይ መሳይ ኮራል በየጊዜው ስስ ሽፋን ያበጅና ላዩ ላይ ያረፈውን አልጌና ቆሻሻ አብሮ ይገፈዋል። ጥቂት ቀን ይፈጅበታል፤ አንዳንዴ ሁለት ሳምንትም ይቆያል።

እኔ የመጀመሪያውን ያጣሁት ባለመታገሴ ነው። ሲዘጋብኝ ደንግጬ አንድ ቀን ወደ መብራቱ አስጠጋሁት፣ በማግስቱ ጥግ ወሰድኩት፣ በሦስተኛው ቀን ሽፋኑን በብሩሽ ፈተግኩት። ቆሰለ፤ ከቁስሉ ጀምሮ በሰበሰ። ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል። አሁን ያለኝ ሲዘጋ የምነካው ፓምፑን ብቻ ነው፦ ውሃው ፊት ለፊት ሳይመታው፣ ከመስታወቱ ተመልሶ ወዝወዝ እንዲያደርገው አዞረዋለሁ። ሽፋኑ ራሱ ተልጦ ይሄዳል።

የሚያሰጋው ሥጋው ሲላላ፣ ሲጠቁርና ሲሸት ነው። ያኔ የበሰበሰውን ክፍል በስለታም ምላጭ እስከ ጤነኛው ሥጋ ድረስ ቆርጠሽ አንሺለት። ብዙ ጊዜ ከቀሪው ያገግማል።

ናይትሬትሽ (ከዓሣ ቆሻሻና ከምግብ ትርፍ ውሃው ውስጥ የሚከማቸው ንጥረ ነገር) ዜሮ መሆኑን እንደ ጥሩ ዜና ጽፈሻል፤ እዚህ ላይ አልስማማም። ለስላሳ ኮራሎች በውስጣቸው ከሚኖረው አልጌ ምግብ ቢያገኙም፣ በጣም የጠራ ውሃ ያከሳቸዋል። እኔ ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10 ፒፒኤም (በሚሊዮን ውስጥ ያለ ክፍል)፣ ሌላውን ንጥረ ነገር ፎስፌቱን 0.05 ፒፒኤም አካባቢ አድርጌ ነው የማቆየው። ሙቀት 25 ዲግሪ፣ ጨው በውሃው አንጻራዊ ጥግግት ሲለካ 1.025፣ አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድነትን የመቋቋም አቅሙ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ። ቁጥሩ ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢል ይችሉታል፤ የሚጎዳቸው ድንገት ሲቀያየር ነው።

ሌላው፣ ሌዘር ኮራል ጎረቤቶቹን የሚያዳክም ኬሚካል ውሃው ውስጥ ይለቃል። አክቲቭ ካርቦን (ውሃ የሚያጣራ ከሰል) አስገቢና በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ቀይሪው። ከድንጋያማዎቹ ኮራሎችም አርቂው።

አጠገቡ ያሉትን ዞአንቲዶች (አበባ መሳይ ትናንሽ የኮራል ዘመዶች) ስታነሺ ግን ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጊ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። የተጣበቁበትን ድንጋይ በፍጹም እንዳትቀቅዪው፣ በፈላ ውሃም እንዳታጥቢው፤ እንፋሎቱ ቤተሰቡን በሙሉ ሊያሳምም ይችላል።