ንድፉን ልስጥ ወይስ ልከልክል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ጎንደር አዘዞ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለችኝ። በነፃ የተለቀቀ የገመድ ፓምፕ (እጀታው ሲዞር ገመድ ላይ የታሰሩ የጎማ ዲስኮች ውሃውን በቱቦ ወደ ላይ የሚያነሱበት) ንድፍ ከኢንተርኔት አውርጄ አራት ሠራሁ። ደንቢያ ያሉት ሦስቱ ደህና ናቸው። ማክሰኝት በኩል 24 ሜትር ጉድጓድ ላይ የተከልኩትን ግን ሴቶቹ «እጃችን ዛለ» ብለው ተዉት። ሌላው፣ የጎማ ዲስክ መቁረጫውን በራሴ አሻሽያለሁ። የማክሰኝት በያጅ ሥዕሉን ሲጠይቀኝ ከለከልኩት። በስሜ ላስመዘግበው እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከፓምፑ ልጀምር፤ ሰው ውሃ እየጠበቀ ነው። ለአራቱም ያው አንድ ኢንች ቱቦ ሳታስገባ አልቀረህም። እጀታውን የሚያዞር ሰው የሚያነሣው ቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ በሙሉ ነው። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ክብደቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ ቀጭን ቱቦ ይፈልጋል። ለ24 ሜትር ግማሽ ኢንች አድርገው። የሚቀዳው ውሃ ያንሳል፣ ግን ልጅም ያዞረዋል።

ዲስኮቹንም አብረህ ቀይር። እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ ሥዕሉ ላይ ባለው ልክ ቆርጬ ገመዱ ንቅንቅ አልል አለኝ። ለካ ከአራዳ ገበያ ከሁለት ሱቅ የገዛሁት «አንድ ኢንች» ቱቦ የአንዱ ግድግዳ ወፍራም፣ የሌላው ስስ ነው። ዲስኩ ቱቦው ውስጥ ከጠበቀ ይነክሳል፣ ከላላ ውሃው ወደ ታች ይመለሳል። መጀመሪያ የገዛኸውን ቱቦ ውስጡን በካሊፐር ለካ፣ ከዚያ ጎማውን ቁረጥ።

ስለ ማስመዝገቡ፦ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት (ፈጠራውን ለባለቤቱ ብቻ የሚያስከብር መብት) የሚሰጠው ለአዲስ ፈጠራ ነው፤ የትም አገር ለሕዝብ የተገለጠ ነገር አዲስ አይባልም። ይህ ፓምፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኒካራጓ ውስጥ በየብየዳ ቤቱ ሲሠራ የኖረ ነው። መቁረጫው ያንተ ከሆነ ከፓተንት ዝቅ ላለው ለአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ማመልከት ትችላለህ። ግን ያወረድከውን ንድፍ ፈቃድ እስከ መጨረሻው አንብበው፤ አንዳንዱ «ያሻሻለ ሰው ማሻሻያውን በዚያው ሁኔታ ለሌላው ይልቀቅ» ይላል።

እኔን ከጠየቅኸኝ ስጠው። ገመዱ ማለቁ አይቀርም፤ ያን ቀን የማክሰኝት ሴቶች አዘዞ ድረስ አንተን ፍለጋ ይምጡ? ሥዕሉ ላይ ስምህን፣ ቀኑንና የለካኸውን የቱቦ ውስጥ ስፋት ጻፍበት። ለእኔም አንድ ቅጂ ላክልኝ፤ መቁረጫህን ለተማሪዎቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።