ሐረና ጫካ ውስጥ ለምታድሩ፦ ድንኳኑ ከወንዙ ምን ያህል ይራቅ?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይህ ነው፦ ከገና በኋላ ስድስት ሆናችሁ በሁለት መኪና ወደ ባሌ ትወርዳላችሁ፤ ሐረና ጫካ ውስጥ ካቻ በሚባለው የድንኳን ቦታ ሁለት ሌሊት ታድራላችሁ። ወንዝ ዳር መትከል ይሻል እንደሆነ፣ ምን መያዝ እንዳለባችሁና አውሬው ያሰጋ እንደሆነ ማወቅ ፈልገሻል።

ከአውሬው በፊት ስለ እርጥበት ልናገር፣ ምክንያቱም ሐረና ላይ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚንቀጠቀጠው በእርጥበት ነው። ወቅቱን ደህና መርጣችኋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሌላው ወር ይደርቃል። ይሁን እንጂ ጫካው ጉም የሚያዘወትረው ስለሆነ ዝናብ ባይኖርም ጠዋት ሁሉ ነገር ርሶ ይገኛል። ካቻ ከፍታው 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ሳነቴ አምባ ውርጭ የለበትም፣ የረጠበ ልብስ ለብሶ ለሚተኛ ግን ከበቂ በላይ ይበርዳል።

ስለዚህ ወንዙ አፋፍ ላይ አትትከሉ። ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፣ ከውሃው ወለልም ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ በሉ። አንደኛ፣ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳው ቦታ ይወርዳል፤ ጥቂት ሜትር ከፍ ማለት ብቻ ብርዱንም ጤዛውንም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የጫካው ወንዞች የሚመጡት ከላይ ከተራራው ነው። እናንተ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይ ዘንቦ ከሆነ ውሃው በጨለማ ሊሞላ ይችላል። ባለፈው የት ድረስ እንደሞላ ለማወቅ ዳሩን እዩ፦ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባና ስንጥር፣ ወደ አንድ ወገን የተጋደመ ሣር፣ ደቃቅ አሸዋ ካለ ውሃው እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አውሬም ከብትም ውሃ የሚጠጣበት መንገድ አለው፤ መንገዱ ላይ አትተኙበት።

ቦታውን ስትመርጡ ከመሬቱ በፊት ቀና ብላችሁ ዛፉን እዩ። ያረጁ የኮሶና የዝግባ ዛፎች ደረቅ ቅርንጫፍ ይዘው ይቆማሉ፤ ነፋስ ሳይኖርም ይወድቃል። ከዚያ መሬቱን እዩ፦ የጉንዳን ሰልፍ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ሳማም ከዳር ዳር ይበዛል። ትንሽ ዘንበል ያለ ቦታ ጥሩ ነው፤ ራሳችሁን ወደ ላይኛው በኩል አድርጋችሁ ተኙ። በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ መቆፈር የድሮ ልማድ ነው፣ ተዉት። የፓርክ መሬት ነው፣ ቦታው በደንብ ከተመረጠም አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድንኳኑ ሥር በሚያነጥፈው ሸራ ነው። ሸራው ከድንኳኑ ወለል ከወጣ ከላይ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ በቀጥታ ከሥራችሁ ያስገባዋል። ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ እጠፉት፣ ምንም ጫፍ አይታይ። ካስማውን ስትመቱ አናቱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ያዘንብል፣ ጫፉ ወደ ድንኳኑ ሥር ይግባ። የጫካው አፈር በበሰበሰ ቅጠል የለሰለሰ ስለሆነ ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ካስማ በእጅ ይነቀላል። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ የብረት ካስማዎች ከቤት አሠርታችሁ ያዙ። እነሱም ካልያዙ ገመዱን ወድቆ በተገኘ ወፍራም እንጨት መሐል እሰሩና እንጨቱን ከባድ ድንጋይ ጫኑበት።

ድንኳን የምትከራዩ ከሆነ «የሦስት ሰው» የተባለው ለሁለት ሰውና ለሻንጣቸው ነው፤ ለስድስት ሰው ሦስት ውሰዱ። የላይኛው ሸራ እስከ መሬት የሚደርስ ይሁን፤ አናቱን ብቻ የሚሸፍነው ለሐረና አይሆንም። ሳትሄዱ ግቢ ውስጥ ተክላችሁ በውሃ ጎማ ሩብ ሰዓት አርከፍክፉበት፣ የሚያፈሰው ስፌት ይታያችኋል። ሌሊት ብርዱን ፈርታችሁ ሁሉንም ዚፕ አትዝጉ፤ ትንፋሻችሁ ሸራው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ሰውም «ድንኳኑ አፈሰሰ» ይላል። ከላይ በኩል ሁለት መስኮት ክፈቱ፣ የላይኛው ሸራም የውስጠኛውን ጨርቅ እንዳይነካ ገመዱን ወጥሩት።

ለመኝታ ከሥር የሚነጠፈው ከላይ ከሚደረበው ይበልጣል። በአየር የሚነፋ ፍራሽ ብቻውን ቀዝቃዛ ነው፤ ከሥሩ ወፍራም ፎም ይግባ። ስፖንጅ ፍራሽ ከያዛችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት፣ አንዴ ውሃ ከጠጣ በሁለት ቀን አይደርቅም። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ለመኝታ ብቻ፤ ማታ ደጅ ለብሳችሁት ከተቀመጣችሁ ጤዛውን ይዞት ይገባል። የሌሊት ልብስና ካልሲ ለየብቻ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ፣ ቀን አይነካ።

አሁን አጥብቄ የምለምናችሁ፦ ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገቡ፤ ፍም የሆነውንም፣ «ሊጠፋ ነው» የሚባለውንም። የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የላምባ ምድጃም ሆነ ትንሿ ሲሊንደር እንዲሁ ደጅ ይሁን፣ ለዝናብ ከፍ ያለ ሸራ ወጥራችሁ ሥሩ አብስሉ። ከጫካው እንጨት ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው፤ ከላይ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ በደረቅ ወቅት በቀላሉ ይያያዛል፣ ስለ እሳት አስጎብኚያችሁ ያላችሁን ስሙ።

ውሃ ለመጠጥና ለማብሰል በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር ያዙ፤ ለእናንተ 24 ሊትር ነው። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በቂ ነው፣ በየቀኑ ትሞላላችሁ። ከሰፈራችሁና ከብት ከሚጠጣበት በላይ ቅዱ፣ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉ፣ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነው ሦስት ደቂቃ ያልኩት። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ጠብታ ለመጠባበቂያ ይኑር፤ ጠብታው ጃርዲያ የሚባለውን የሆድ ተሕዋስ በደንብ ላይገድል ይችላልና ማፍላቱ ይቀድማል። ጎንበስ ብሎ በአፍ ከወንዝ መጠጣት አይሆንም፣ አልቅት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይገባል። ሰውነትም ዕቃም የሚታጠበው ውሃው በጀሪካን ተቀድቶ ከወንዙ 60 ሜትር ርቆ ነው። መጸዳጃም እንዲሁ፣ 20 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ አፈር ይመለስበት።

ምስርና ሩዝ እዚያ ቶሎ አይበስልም፣ ምስሩን ከጠዋት ዘፍዝፉት። ምጥን ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ያዋጣሉ። እንጀራ ሳይቀዘቅዝ በላስቲክ ከተጠቀለለ በእርጥበቱ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ጥሬ ሥጋ አትያዙ።

ሥጋውን ያስከለከለኝ ጅቡ ነው። ጅብ፣ ነብርና አንበሳ በሐረና አሉ፤ ከርከሮ ደግሞ ሰፈር ድረስ መጥቶ ምግብ ይፈልጋል። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፍ፤ ድንኳን ውስጥ አንድ ሙዝ እንኳ አይደር። የቆዳ ጫማ ደጅ ካደረ ጅብ ይወስደዋል። ሌሊት ለመውጣት ሁለት ሁኑ፣ የግንባር ባትሪ ያዙ፣ የምትሄዱበትን አቅጣጫ በብርሃን ወስኑ። አስጎብኚውና ጠባቂው የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ የአውሬውን ድምፅ ከእናንተ ይልቅ ያውቁታል፤ አብረዋችሁ ይደሩ፣ ምግባቸውንና መኝታቸውንም ከወዲሁ አስቡበት።

ስለ ጉዞው በአጭሩ፦ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ እደሩ። በማግስቱ ሳነቴን ስታልፉ 4,000 ሜትር ላይ ናችሁ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ከወጣችሁ ደግሞ 4,377፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ሳትዘገዩ ወደ ሪራ መንደር ውረዱ፣ መውረድ መድኃኒቱ ነው። ነዳጅ ጎባ ሙሉ፤ የፓርኩን የክፍያ ደረሰኝ አትጣሉ፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል። ከሳነቴ ወደ ጫካው የሚወርደው ጠመዝማዛ ከሰዓት በኋላ በጉም ሊሸፈን ስለሚችል በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ብቻ አትመኑ። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ካቻ መድረስ አለባችሁ፤ 12 ሰዓት ሲሆን ዛፉ ሥር ጨልሟል፣ ከላይ ያልኩትን ሁሉ በባትሪ ብርሃን ማየት አይቻልም።

ስትነሡ ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ሌላ ምርጫ የለም። ጎባ ስትደርሱ ወይም በዚያው ቀን ፀሐይ ባገኛችሁበት አንድ ሰዓት ዘርግታችሁ አድርቁት፤ እንደተጠቀለለ አዲስ አበባ ከደረሰ ይሻግታል፣ አከራዩም ያስከፍላችኋል።