መልስ፦ ከናፖሊ ፖምፔ ወይስ ፔስቱም?

ወንድሜ፣ ጣሊያን፣ ናፖሊ ስሄድ አንዷን ቀን ለፖምፔ ልስጣት ወይስ ለፔስቱም ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም ጥንታዊ ከተሞች ናቸው፤ ፖምፔ የሮማውያን፣ ፔስቱም ግን በግሪኮች የተመሠረተች። የግሪክ ሕንፃ ከሆነ የናፈቀህ፣ ሳታመነታ ፔስቱም ሂድ።

ግሪኮች ፔስቱምን የቆረቆሯት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ ነው። ያኔ ስሟ ፖሴይዶኒያ ነበር። በዶሪክ ስልት፣ ማለትም ጠንከር ባሉና ጌጥ ባልበዛባቸው ዓምዶች የተሠሩ ሦስት ቤተ መቅደሶቿ እስከ ዛሬ ቆመዋል።

ከሁሉም የሚያረጀውን፣ የግሪኮችን እንስት አምላክ የሄራን ቤተ መቅደስ ቀስ ብለህ እየው። የፊት ዓምዶቹን ቁጠራቸው፤ 9 ናቸው። ቁጥራቸው ጎዶሎ ስለሆነ አንዱ እመሃል ተገትሯል። ውስጡንም የዓምድ ረድፍ ለሁለት ይከፍለዋል። ዓምዶቹ ወገባቸው ላይ ወፈር ይላሉ፣ ሸክም እንደከበደው ሰው። ከዚያ አጠገቡ ወዳለው ተሻገር። ወደ 100 ዓመት ገደማ ዘግይቶ የተሠራ ነው። ከፊት 6 ዓምድ ብቻ፣ መሃሉ ክፍት። ግንበኞቹ ምን ያህል እንደተራመዱ እዚያው ቆመህ ታየዋለህ። ለእኔ የፔስቱም ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት።

ሙዚየሙንም እንዳታልፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የተገኘው «የጠላቂው መቃብር» ሥዕል፣ ወደ ውኃ የሚወረወር ሰው የተሳለበት፣ እዚያ ነው። ከናፖሊ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከጣቢያው በእግር ትደርሳለህ። በጋ ከሆነ ግን በጠዋት ግባ፤ ጥላ እንደልብ አይገኝም።